ሲዚየም ከአፈር ለምን አይታጠብም? በሸክላ ንጣፎች መካከል የገባው አዮን ሥራ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የጃፓን መንግሥት ከፉኩሺማ የተነሣ አፈር ወደ ቶኪዮ አምጥቶ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ተጠቀመበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አፈሩ ከ2011ዱ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ከየእርሻውና ከየቤቱ ደጅ ተልጦ የተከማቸ ነው፤ የበከለው በዋናነት ሲዚየም የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው። ጠቅላላው ወደ 14 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። በሕጉ መሠረት እስከ 2045 ድረስ ከፉኩሺማ ግዛት ውጭ የመጨረሻ ማረፊያ ማግኘት አለበት። መንግሥት ጨረሩ ዝቅ ያለውን አፈር፣ ማለትም በኪሎግራም ከ8,000 ቤክሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) የማይበልጠውን፣ በንጹሕ አፈር ሸፍኖ ለግንባታ መጠቀም ይቻላል ይላል።

ክርክሩ ወዲያው ሁለት ጎራ ያዘ። አንዱ ወገን አፈሩን ከማከማቸት ለምን አያጥቡትም ብሎ ይጠይቃል፤ ሲዚየም በውሃ የሚሟሟ ጨው አይደል እንዴ? ሌላው ደግሞ ሸክላው ሲዚየሙን ቆልፎ ይዞታልና የሚያሰጋ ነገር የለም ይላል። ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ከአንድ ናኖሜትር ወደሚጠብ ክፍተት መውረድ ያስፈልጋል። ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ንጣፉ ከምን ተሠራ?

የሸክላ ማዕድን ቅንጣት የቀጫጭን ንጣፎች ክምር ነው። የአንዱ ንጣፍ ውፍረት 1 ናኖሜትር ቢሆን ነው። ስሜክታይት፣ ቨርሚኩላይት፣ ኢላይትና ሚካ በሚባሉት ማዕድናት ውስጥ እያንዳንዱ ንጣፍ ሦስት ሽፋን አለው። ከላይና ከታች ሲሊከንና ኦክስጅን፣ መሀል ላይ ደግሞ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ከኦክስጅን ጋር።

ታዲያ ንጣፉ ሲፈጠር አተሞች ቦታ ይቀማማሉ። የሲሊከንን ቦታ አሉሚኒየም ይይዛል፣ በመሀለኛው ሽፋን የአሉሚኒየምን ቦታ ማግኒዥየም ይወስዳል። ተተኪው ይዞት የሚመጣው ፖዘቲቭ ቻርጅ ከቀድሞው ያንሳል። በዚህ የተነሣ ንጣፉ በጠቅላላው ኔጌቲቭ ሆኖ ይቀራል። ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ደግሞ ይገፋፋል፤ ክምሩን አንድ ላይ የሚይዙት በየንጣፉ መካከል የሚገቡት ፖዘቲቭ አዮኖች፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው አተሞች፣ ናቸው። ካታዮን የሚባሉት እነሱ ናቸው፦ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ከአደጋ በኋላ ደግሞ ሲዚየም።

የንጣፉ ገጽ ለስላሳ አይደለም። ኦክስጅኖቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ ቀለበት ይሠራሉ፣ በየቀለበቱ መሀል 0.26 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቀራል። ሁለት የእንቁላል ካርቶን ፊት ለፊት ገጥማችሁ በመካከላቸው እንቁላል ስታስቀምጡ እንቁላሉ ግማሹ ከታች ግማሹ ከላይ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ የላይኛው ካርቶን ከዚያ በኋላ ወዲያ ወዲህ አይልም። ፖታሲየም በሚካ ውስጥ የሚሠራው ይሄንኑ ነው።

መጠጋት ሌላ፣ መሰለፍ ሌላ

ስለ ሸክላ በሚጻፈው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች ተምታተው አያለሁ። አንደኛው ከአንዱ ንጣፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው፤ የንጣፉ የራሱ ውፍረትም አብሮ ይቆጠራል። ሁለተኛው ንጣፎቹ እርስ በርስ ያላቸው አሰላለፍ ነው፤ የላይኛው ጉድጓድ ከታችኛው ጋር ፊት ለፊት ነው ወይ፣ ወደ ጎን ሸርተት ብሏል ወይ፣ ዞሯል ወይ የሚለው። የአነባበር ሥርዓት የሚባለው ይሄ ሁለተኛው ነው። ርቀቱ ሲጠብ አሰላለፉም በዚያው ይስተካከላል ብሎ ማሰብ ይቀናል። እንደዚያ ግን አይደለም።

ሶዲየም ያለበትን ስሜክታይት ውሰዱና በደንብ አድርቁት። ውሃው ሲወጣ ንጣፎቹ ተቀራርበው ከአንዱ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ወደ 0.96 ናኖሜትር ይወርዳል። ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ንጣፍ የተዘጋው ባለበት ነው፤ አንዱ ትንሽ እንደዞረ፣ ሌላው እንደተንሸራተተ። ሁሉም ትይዩ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ግን አልገጠመም። እንዲህ ያለው ክምር ተርቦስትራቲክ ይባላል። ንጣፎቹ ተደራርበዋል፣ አቅጣጫና አቀማመጣቸው ግን ዝም ብሎ የዘፈቀደ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ማግኒዥየም ያለበት ቨርሚኩላይት በንጣፎቹ መካከል ሁለት ረድፍ ውሃ ይዞ ርቀቱ 1.44 ናኖሜትር ገደማ ነው። ክፍት ነው። ሆኖም በ1954 ማቲሰንና ዎከር የተባሉ ተመራማሪዎች ክሪስታሉን በኤክስሬይ ሲያጠኑት ሥርዓት አገኙበት። ማግኒዥየሙ በስድስት የውሃ ሞለኪውሎች ተከቧል። እነዚያ ሞለኪውሎች ደግሞ በሃይድሮጅናቸው በኩል የላዩንም የታቹንም ኦክስጅን ይይዛሉ። ውሃው ራሱ ድልድይ ሆኖ ንጣፎቹን ያሰልፋል። ሥርዓቱ ፍጹም አይደለም፣ ንጣፎቹ በአንድ አቅጣጫ በተወሰነ ልክ ወዲያ ወይም ወዲህ ይዘላሉ። ዝላዩ ግን የተወሰነ ነው፣ እንደ ስሜክታይቱ እንዳሻው አይደለም።

ስለዚህ ተዘግቶ ያልተሰለፈ አለ፣ ሳይዘጋ የተሰለፈም አለ። ፖታሲየም ያስተካክላል ሶዲየም ያበላሻል የሚለው አጭር መግለጫ ለመማሪያ መጽሐፍ ይመች ይሆናል እንጂ ብዙ ርቀት አያስኬድም።

ልዩነቱ በኤክስሬይ እንዴት ይታያል?

የሸክላ ዱቄት ላይ ኤክስሬይ ሲተኮስ ጨረሩ በየማዕዘኑ ተበትኖ ይመለሳል፣ በግራፍ ላይም ጫፍ ጫፍ እየሠራ ይወጣል። አንዱ ዓይነት ጫፍ ርቀቱን ብቻ ነው የሚነግረን። ብዙ ሪፖርት የሚጻፈው እሱን አይቶ ስለሆነ ነው መምታታቱ የሚመጣው።

አሰላለፉን የሚያጋልጠው ሌላ ቦታ ነው። የተለመደውን የመዳብ ጨረር ከተጠቀማችሁ 20 ዲግሪ ግድም ላይ፣ 0.45 ናኖሜትር በሚመልሰው ቦታ፣ አንድ ምልክት ታያላችሁ። ንጣፎቹ በሥርዓት ከተሰለፉ ምልክቱ ቀጫጭን ሆኖ ይከፋፈላል፣ በአካባቢውም ሌሎች ጫፎች ይበቅላሉ። ተርቦስትራቲክ ከሆነ ግን አንድ የተንጋደደ ጉብታ ብቻ ነው የሚወጣው። በዝቅተኛው ማዕዘን በኩል እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ቀስ እያለ ረጅም ጭራ እየጎተተ ይወርዳል። እዚያ ጭራ ውስጥ ያለው መልእክት ግልጽ ነው፦ እያንዳንዱ ንጣፍ ለብቻው ክሪስታል ነው፣ ከጎረቤቱ ጋር ግን ስምምነት የለውም።

ውሃውን ማን ይለቃል?

ካታዮኖቹን የሚለያያቸው መጠናቸው ብቻ አይደለም፤ ውሃን አጥብቀው የሚይዙበት ኃይልም ይለያያል። ቁጥሩ ከምንጭ ምንጭ ትንሽ ቢለያይም ልዩነቱ ሰፊ ነው። አንድ ሞል ማግኒዥየም ከውሃ ጋር ሲያያዝ 1,900 ኪሎጁል አካባቢ ኃይል ይለቀቃል፣ ካልሲየም 1,580፣ ሶዲየም 400፣ ፖታሲየም 320፣ ሲዚየም ደግሞ 265 ገደማ። ማግኒዥየምና ካልሲየም የውሃ ካባቸውን በቀላሉ አያወልቁም። ፖታሲየምና ሲዚየም ግን ንጣፉ ትንሽ ሳብ ካደረጋቸው ውሃውን ጥለው ይጠጋሉ። አሞኒየምም ባሕርዩ ከፖታሲየም ጋር ይቀራረባል።

ፖታሲየም እዚህ ላይ ሌላም ዕድል አለው። የአዮኑ ስፋት 0.27 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ከጉድጓዱ ጋር ልክ ለልክ ነው። ከላይ ስድስት፣ ከታች ስድስት ኦክስጅን ይከቡታል። ይህ እንዲሆን ግን ሁለቱ ጉድጓዶች ፊት ለፊት መሆን አለባቸው። አሰላለፉን የሚያስገድደው ይሄ ነው። የሚካ ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ ሲያርፉ መዞር የሚችሉት በ60 ዲግሪ ብዜት ብቻ ነው። በ1956 ስሚዝና ዮደር ከዚህ ደንብ ተነሥተው ለሚካ ስድስት ቀላል የአነባበር ዓይነቶች ብቻ እንደሚኖሩ አሳዩ። ፖሊታይፕ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ንጣፉ ያው ሆኖ የአነባበሩ ቅደም ተከተል ብቻ የሚለያይባቸው።

በካልሲየምና በሶዲየም መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በውሃ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ኖሪሽ የተባለ ተመራማሪ በ1954 እንዳሳየው ሶዲየም ያለበት ሞንትሞሪሎናይት፣ ዋናው የስሜክታይት ዓይነት ማለት ነው፣ ብዙ ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ርቀቱ ከ1.9 ናኖሜትር በአንዴ ወደ 4 ይዘላል፣ ከዚያም እየሰፋ ይሄዳል። ካልሲየም ያለበት ግን 1.9 ላይ ቆሞ ይቀራል። ንጣፎቹ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በጥቅል ይያያዛሉ። እዚህም መምታታት አለ። የካልሲየሙ ጥቅል አልተበተነም ማለት ውስጡ ተሰልፏል ማለት አይደለም። ጥቅሉ ውስጥ ያሉት ንጣፎች አሁንም እንደዞሩ ናቸው።

ግን ወሳኙ ካታዮኑ ብቻ ነው?

በተመራማሪዎች ዘንድ አመለካከቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አሰላለፉን የሚወስነው ካታዮኑ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ውሳኔው አስቀድሞ በንጣፉ ውስጥ ተጽፏል፣ ካታዮኑ አስፈጻሚ ነው ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ።

ምክንያቱ ቻርጁ ያለበት ቦታ ነው። ቦታ መቀማማቱ በውጨኛው ሽፋን፣ በሲሊከኑ ዘንድ ከሆነ ኔጌቲቩ ከገጹ ላይ፣ ከጥቂት ኦክስጅኖች አጠገብ ይሰበሰባል። ካታዮኑ የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል። መቀማማቱ መሀለኛው ሽፋን ላይ ከሆነ ግን ቻርጁ ገጹ ላይ ሲደርስ በብዙ ኦክስጅኖች ላይ ተበታትኖ ይደበዝዛል። ካታዮኑን አንድ ቦታ አጥብቆ የሚጠራው የለም። ለዚህ ነው ቻርጃቸው በውጨኛው ሽፋን ላይ ያለው ቤይደላይትና ሳፖናይት ተመሳሳይ ካታዮን ቢገባባቸው እንኳ ከሞንትሞሪሎናይት የተሻለ ሥርዓት የሚያሳዩት።

የቻርጁ ብዛትም አለ። በአንድ የቀመር አሃድ ሲሰላ ስሜክታይት ከ0.2 እስከ 0.6፣ ቨርሚኩላይት ከ0.6 እስከ 0.9፣ ሚካ ደግሞ 1 ያህል ቻርጅ ይሸከማል። ሆፍማንና ክሌመን በ1950 ያሳዩት ነገር እዚህ ጋ ይጠቅማል። ሊቲየም ያለበትን ሞንትሞሪሎናይት ከ200 ዲግሪ በላይ ሲያሞቁት ትንሿ ሊቲየም ከንጣፎቹ መካከል ወጥታ በራሱ በንጣፉ ውስጥ ወዳሉት ባዶ ቦታዎች ትገባለች። ቻርጁን ታጠፋዋለች። ከዚያ በኋላ ውሃ ብትጨምሩበትም ማዕድኑ አያብጥም። አዮኑ ከክፍተቱ ወጥቶ ንጣፉን ራሱን ለወጠው ማለት ነው።

ካታዮኑ ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረግጠው ሌላው ካኦሊናይት ነው። በንጣፎቹ መካከል አንድም ካታዮን የለውም። የአነባበር ዝርክርክነት ግን ሞልቶበታል።

ጊዜም የራሱን ሚና ይጫወታል። በ1970ዎቹ ማሚና ጎልቲየ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ፖታሲየም ያለበትን ሞንትሞሪሎናይት ደጋግመው እያረጠቡ አደረቁት። መጀመሪያ ላይ ተርቦስትራቲክ የነበረው ክምር በድግግሞሹ ብዛት እየተሰለፈ መጣ። ሲረጥብ ንጣፎቹ ላላ ብለው ይንሸራተታሉ፣ ሲደርቅ ፖታሲየሙ ጉድጓዱን ካገኘ ይያዛል፣ ካላገኘ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ማድረቅ ግን ይዘጋል እንጂ አያሰልፍም።

ሲዚየሙ የሚያዘው የት ነው?

ወደ ክርክሩ እንመለስ። በፉኩሺማ አፈር ውስጥ ሲዚየምን ከሚይዙት ዋነኛው የጠቆረ ሚካ ነው፣ ባዮታይት የሚባለው፤ አየርና ውሃ በልቶት በከፊል ወደ ቨርሚኩላይት የተለወጠው። ፖታሲየሙ ከጠርዙ ቀስ በቀስ ሲወጣ የንጣፎቹ አፍ ይከፈታል። ውስጡ ግን እንደተዘጋና እንደተሰለፈ ነው። ጠርዙ ላይ የሚቀረው ሹል ክፍተት ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ከነውሃ ካባቸው አያስገባም። ሲዚየም ግን ውሃውን ጥሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ንጣፎቹ ይዘጉበታል።

እንደዚህ ያሉ ቦታዎች ብዙ አይደሉም። ሲዚየሙም ግን ብዙ አይደለም። 8,000 ቤክሬል ሁሉ ሲዚየም 137 (ረጅም ዕድሜ ያለው ጨረር አመንጪ የሲዚየም ዓይነት) ነው ብለን ብናሰላው በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ያለው ክብደት 2.5 ናኖግራም ገደማ ነው የሚሆነው፤ ናኖግራም ደግሞ የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ለዚህች ቅንጣት የሚበቃ ጠርዝ አፈሩ ውስጥ ሞልቷል። በውሃ ማጠብ የማይሠራው ለዚህ ነው። አፈር ማጠብ ሲባል የሚደረገው አሸዋውን ከደቃቁ መለየት ነው፤ ሲዚየሙ ደቃቁ ውስጥ ስለሚሰበሰብ የሚቀረው መጠን ይቀንሳል። ከደቃቁ ውስጥ ሲዚየሙን ራሱን ለማውጣት ግን ወይ ኃይለኛ አሲድ ወይ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። ያኔ ማዕድኑም አብሮ ይፈርሳል፣ ወጪውም ይከብዳል።

ተቆልፏል የሚለው ወገንስ? ይሄም ሁለት ነገር ያምታታል። መቆለፉ ሲዚየሙ ወደ ከርሰ ምድር ውሃና ወደ ሰብል እንዳይሄድ ያደርጋል። በፉኩሺማ የሩዝ ማሳዎች ላይ ፖታሲየም መጨመሩ ደግሞ ቀሪውን ሲዚየም ተክሉ እንዳይስበው አግዟል። ጨረሩ ግን የተቆለፈ አይደለም። ጋማ ጨረር አንድ ናኖሜትር ንጣፍ አያቆመውም፤ የሚቀንሱት ከላይ የሚደፋው የአፈር ውፍረትና ጊዜ ናቸው። የሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 30 ዓመት ነው። ደግሞም ሁሉም አፈር እንዲህ አይይዝም። ሸክላ ያነሰውና ብስባሽ የበዛው መሬት ሲዚየምን ይለቃል። ከ1986ቱ የቼርኖቤል አደጋ በኋላ በዌልስ ኮረብታዎች በበጎች ላይ የተጣለው ቁጥጥር እስከ 2012 የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመሬት በታች፦ ነዳጅና የኑክሌር ቆሻሻ

ይኸው ጉዳይ በሺዎች ሜትር ጥልቀትም አለ። በ1976 ሃወርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከተቆፈረ ጉድጓድ ናሙና ወስደው ስሜክታይት ወደ ኢላይት እየተለወጠ እንደሚሄድ አሳዩ። ከ2,000 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ጥልቀት የኢላይት ንጣፎች ድርሻ ከ20 በመቶ በታች ተነሥቶ 80 በመቶ ግድም ይደርሳል። ፖታሲየሙ የሚመጣው ከሌሎች ማዕድናት መሟሟት ነው። መጀመሪያ ላይ ኢላይትና ስሜክታይት በዘፈቀደ ይቀላቀላሉ። ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን ቅልቅሉ ደንብ ይይዛል። ነዳጅ ፈላጊዎች ይህን ለውጥ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሞቀ ለመገመት ይጠቀሙበታል።

ይህን ሁሉም አልተቀበለውም። በ1984 ናዶና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ሌላ ሐሳብ አመጡ። እናንተ ደንብ ያለው ቅልቅል የምትሉት፣ አሉ፣ በጣም ቀጫጭን የኢላይት ቅንጣቶች አንዱ በአንዱ ላይ ሲያርፉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ለኤክስሬይ ስሜክታይት መስሎ ሲታይ ነው። ሐሳቡ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፣ ብዙ ነገርም አብራርቷል። ዛሬ ብዙዎች ሁለቱም እንደ ሁኔታው ይሠራሉ ይላሉ። አነባበሩ በማዕድኑ ውስጥ አለ ወይስ ናሙናው ሲደርቅ ነው የተፈጠረው የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተዘጋም፤ እንዳይዘጋም ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ናሙና የምናየው ካደረቅነው በኋላ ነው።

ጉዳዩ በገንዘብና በደኅንነት የሚለካው በኑክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ ላይ ነው። ፊንላንድ በኦልኪሉኦቶ ከ400 ሜትር በታች አለት ፈልፍላ ኦንካሎ የተባለውን መቅበሪያ ሠርታለች። ስዊድንም ፎርስማርክ ላይ ተመሳሳይ ዕቅድ ይዛለች። ቆሻሻው የሚገባባቸው የመዳብ ጣሳዎች ዙሪያቸው በቤንቶናይት ይሞላል፤ ቤንቶናይት በስሜክታይት የበለጸገ ሸክላ ነው። ሲረጥብ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ ይደፍናል። እብጠቱን ሊያውኩ የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የከርሰ ምድሩ ካልሲየም ሶዲየሙን ሊተካው ይችላል፤ ይህ እብጠቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ሸክላው በደንብ ከታመቀ ደግሞ ልዩነቱ ይጠባል። የሚያሳስበው ፖታሲየም ነው። እሱ ከገባና ንጣፎቹን ዘግቶ ካሰለፋቸው በቀላሉ አይመለስም። የቤንቶናይቱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ እንዳያልፍ የሚደረገው አንዱም ለዚህ ነው።

ይሄ ለውጥ ምን ያህል ይፈጥናል ለሚለው የቤተ ሙከራ ሥራ በቂ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ወደ አሮጌ ድንጋይ ይኬዳል። በስዊድን ኪነኩለ የሚባል ቦታ 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ አመድ ቤንቶናይት ሆኖ ይገኛል። ኋላም ከላዩ ገብቶ የቀዘቀዘ የቀለጠ ድንጋይ አሙቆታል። ዋናው ንብር 2 ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ዛሬም ማበጥ የሚችል ንጣፍ በውስጡ አለ። ደግሞም ለውጡ ወጥ አይደለም። ከላይና ከታች ያሉት ጠርዞች ከመሀሉ ይልቅ ወደ ኢላይት አድልተዋል፤ ፖታሲየሙ ከውጭ እየሰረገ ስለገባ ነው። ለመቅበሪያ ሠሪዎች እንግዲህ የሸክላው ግድግዳ ውፍረትና በዙሪያው ያለው ውሃ የሚያመጣው የፖታሲየም መጠን አንድ ላይ መታሰብ አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ አስተማማኝ ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም።